የምክር ዓምድ፦ «ሦስት ትምህርት ቤት ሆነን አዲስ መምህር ማሠልጠን እንችላለን?»

ደብዳቤው

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። የከተማዋን ስም ባይጠቅሱልኝ ደስ ይለኛል። በየዓመቱ ከኮሌጅ የወጡ መምህራን እንቀጥራለን። ዲፕሎማ አላቸው፣ ትጉህ ናቸው፣ ክፍል ሲገቡ ግን ይርበተበታሉ። ለመድ ሲያደርጉት ደግሞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ወይም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። በቅርቡ ከእንግሊዝ የመጣ እንግዳ እዚያ አገር የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ተሰባስበው መምህር ራሳቸው እንደሚያሠለጥኑ ነገረን። የቁምስናችን (የካቶሊክ አጥቢያችን) አባ ነገሩን በጣም ወደዱት። ከሌሎች ሁለት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ጋር ተፈራርመን እንድንጀምር ይፈልጋሉ። ቦርዱ ደግሞ ሠልጣኞቹ የሦስት ዓመት ግዴታ ይፈርሙ፣ ዋናው ዲፕሎማቸውም እኛ ጋ ይቀመጥ ይላል። እንግዳው በሰጠን ገንዘብ ፕሮጀክተር ተገዝቶ የሥልጠና ክፍል ይዘጋጃል ተብሏል። ነባር መምህሮቼ «ያለ ክፍያ ማንንም አናሠለጥንም» ብለዋል። እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አብዛኞቹ መምህራንም እንዲሁ። «ለካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህር ማሠልጠን» ሲባል ምኑን ነው የማሠለጥነው? ግራ ገብቶኛል።
ታናሽ እህትዎ»

መልስ

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ትችላላችሁ፣ አድርጉት። ግን ከፊርማው አትጀምሩ፤ ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ ጀምሩ። መስከረም ላይ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በምትለጥፊው ድልድል ላይ ጎበዟ መምህርሽ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ አዲሱ መምህር ክፍል ውስጥ እንድትቀመጥ ካልተጻፈ፣ ስምምነቱን ሦስት ትምህርት ቤት ቢፈርመው፣ ጳጳስ ቢባርከው ለውጥ የለውም። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። አዲሱ መምህር እንደበፊቱ ብቻውን ይርበተበታል።

እንግዳችሁ አልዋሸም። እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች ተሰባስበው ዲግሪ ያለውን ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ መምህር የሚያደርጉበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም በዚህ መንገድ ያሠለጥናሉ። እንግዳ ግን የሚያወራው የሚያምረውን ነው። የቀረውን እኔ ልሙላልሽ። እዚያ ማንም ትምህርት ቤት ተነስቶ «አሠለጥናለሁ» አይልም፤ መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ተቋም ከላይ አለ። ሠልጣኙ ቢያንስ 120 ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ማሳለፍ አለበት፣ ያውም ቢያንስ ሁለት ትምህርት ቤት ውስጥ። ተመርቆ ከተቀጠረ በኋላም አይለቁትም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ወዲህ ለሁለት ዓመት አማካሪ መምህር ይመደብለታል። በመጀመሪያው ዓመት ከማስተማሪያ ጊዜው 10 በመቶ፣ በሁለተኛው 5 በመቶ ይቀነስለታል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ወጪያቸውን የሚችልላቸው መንግሥት ነው። ያንቺ ደመወዝ የሚወጣው ከወላጅ ክፍያና ከቤተ ክርስቲያኗ ኪስ ይመስለኛል። ስለዚህ እነሱ ያደረጉትን በሙሉ ልቅዳ ብትዪ አትዘልቂውም። አንድ ነገር ብቻ ውሰጂ፦ ጊዜ ቆርጠው መስጠታቸውን።

አማካሪ መምህር መመደብማ እኛም አገር አለ። በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያው (ተሙማ ስንለው የኖርነው) አዲስ ተቀጣሪ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ከአማካሪ መምህር ጋር እንዲያልፍ ተጽፏል። ያንቺም ቢሮ መደርደሪያ ላይ ሰነዱ ሳይኖር አይቀርም። የት እንደሚበላሽ ታውቂዋለሽ። አማካሪ ተብላ የተመደበችው መምህርት ሙሉ ክፍለ ጊዜዋን ታስተምራለች። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ቅጹ ይመጣል። ሁለቱ ሻይ እየጠጡ በአንድ ከሰዓት ይሞሉታል፣ ይፈርሙበታል። ማንም አልሰነፈም፤ ጊዜ አልተሰጣቸውም።

ደግሞስ ጎጃም ተቀምጠን ሰው በሰው ሥር ሆኖ እንደሚሠለጥን ከለንደን መስማት አለብን? የዋሸራንና የዲማን ቅኔ ቤት ያፈራ አገር እኮ ነው። ቅኔ ቤት ጠንከር ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፣ ማለትም ያስጠናዋል። የኔታ ደግሞ እሱን እያዩ ያርሙታል። መምህር የሚወጣው ለዓመታት ሲያስቀጽል ከኖረው ነው። የኔታ ሳይሰሙት ማንም ወንበር አይዘረጋም።

አባም ቢሆኑ ይህ አይጠፋቸውም። ካስፈለገ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አስታውሻቸው። የመምህራን ጠባቂ ተብሎ የሚከበረው ቅዱስ ዮሐንስ ላሳል ፈረንሳይ ውስጥ ሬምስ የተባለች ከተማ የካቴድራል ካህን ነበር። ለድሆች ልጆች የተቀጠሩት መምህራን ሥራውን እንደማይችሉት ሲያይ፣ ቤቱ አስገብቶ አብሯቸው መኖር ጀመረ። ዘመዶቹ «ምን ነካው?» ብለው ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ1685 እዚያው ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ በአውሮፓ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አዲስ አበባ ያለውን ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የመሠረቱት እሱ ያቋቋመው ማኅበር ወንድሞች ናቸው። እንግሊዞቹም እ.ኤ.አ. በ1850 ሴይንት ሜሪስ የተባለውን የመምህራን ኮሌጅ ለንደን ውስጥ የከፈቱት ለድሃ ካቶሊክ ልጆች መምህር ለማፍራት ነበር። የጀመሩት በስድስት ተማሪ ነው። አባ ቁጥሩን ይስሙት፣ ስድስት። እናንተም ዘንድሮ ሁለት አዲስ መምህር ካላችሁ በሁለቱ ጀምሩ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። አማካሪዋ ምን ታድርግ? ብዙ ሰው «ትገምግመው» ይላል። አልስማማም። መገምገሚያ ቅጽ ይዞ የገባን ሰው ያየ አዲስ መምህር ትወና ይጀምራል። ያን ቀን ብቻ የትምህርት መርጃ ያመጣል፣ ያን ቀን ብቻ ቡድን ይመሠርታል። ከዚህ ይልቅ አማካሪዋ አንድ ባዶ ወረቀት ይዛ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ትቀመጥ። ዴስኮቹን እንዳሉ በትናንሽ ሳጥን ትሳላቸው። መምህሩ አንድ ልጅ በጠየቀ ቁጥር እዚያ ልጅ ሳጥን ላይ ነጥብ ታድርግ። ሌላ ምንም አትጻፍ።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ትስጠው። ነጥቦቹ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ረድፎች ላይ እንደ ጉንዳን ተከማችተው ታያላችሁ። ከኋላ በበሩ በኩል ያሉት ሳጥኖች ባዶ ናቸው። ቅድም «ሁሉንም ነው የማሳትፈው» ያለው ከልቡ ነበር፤ እጅ የሚያወጡት ልጆች ክፍሉን ሙሉ መስለውት ነው። አማካሪዋ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» አትበለው። «ምን ታያለህ?» ብላው ዝም ትበል። ራሱ ይናገራል። ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፦ በበሩ በኩል ካሉት አምስት ልጆችን ስማቸውን ጠርቶ ይጠይቅ። አሥር ምክር አግኝቶ ክፍል የሚገባ ሰው አንዱንም አያስታውስም።

በሳምንቱ ቦታ ይቀያየሩ። እሷ ታስተምር፣ እሱ ነጥብ ያድርግ። የእሷም ወረቀት ባዶ ሳጥን አያጣም። ያኔ ነው ወሬው ወሬ የሚሆነው። አዲሱ መምህር ሃያ ዓመት ያስተማረች መምህርትም ገና እየፈለገች እንደሆነ ሲያይ ትከሻው ይፈታል።

አንደኛ ክፍል ላይ ሌላም የምትመለከተው አለ። ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ»ን በአንድ ድምፅ ሲሉት ክፍሉ ይናጋል፣ መምህሩም ደስ ይለዋል። ያ ግን ዜማ ነው። ከገበታው መሃል «ቲ»ን ነጥላችሁ አንዱን ልጅ ጠይቁት። ከ«ተ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ የሚደርስባት ልጅ አለ። ጭራሽ የማይደርስባትም አለ። አዲስ መምህር ይህን ኮሌጅ አንብቦት ይሆናል፤ አጠገቡ ያለ ሰው «እስቲ ያንን ልጅ ብቻውን ስማው» እስኪለው ግን አያየውም። ትምህርት ቤትሽ አዊ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ልጁ ቤቱ የሚሰማው አገውኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ መምህር ዝምታውን ስንፍና ብሎ ይመዘግበዋል።

«ያለ ክፍያ አናሠለጥንም» ስላሉት ነባር መምህራን፦ እውነታቸውን ነው። በዚህ ኑሮ ውድነት በነፃ ተጨማሪ ሥራ ማለት ቀልድ ነው። ግን በሠልጣኝ ልክ ገንዘብ አትቁረጪላቸው። ገንዘቡ ያለቀ ቀን ሥራውም ያልቃል፣ ያልተመረጠውም ያኮርፋል። ክፍለ ጊዜ ቀንሺላቸው። አማካሪዋ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ትቀነስ፤ አንዱ ለመመልከት፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ለመነጋገር። «ማን ይሸፍንላታል?» ትዪኛለሽ። አንዱን አንቺ ግቢ። ርዕሰ መምህርት ጠመኔ ይዛ ክፍል ስትገባ ለሌላው መምህር የሚያስተላልፈው መልእክት ከአንድ ቀን ስብሰባ ይበልጣል። ሌላውን ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለስፖርት አድርጊና ሁለት ክፍል አንድ ላይ ይያዝ። ደግሞ ሁሉንም ነባር መምህር አማካሪ ለማድረግ አትሞክሪ። ጎበዝ አስተማሪ ሁሉ ጎበዝ አማካሪ አይደለም። ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት የምትችለዋን ፈልጊ።

ስለ ሦስቱ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቁርጡን ልንገርሽ። ከካቶሊክ ትምህርት ቤት ጋር ብቻ መጣመር ጎጃም ላይ አያዋጣም። የባሕር ዳር ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቋቋም የተሰጠው ክልል ጎጃምን፣ ጎንደርንና ወሎን የያዘ ነው። በዚህ ስፋት ላይ ትምህርት ቤቶቻችሁ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያሉ ናቸው። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በፍኖተ ሰላም ዞሮ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ደግሞ ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንደሆነ እኔ አልነግርሽም፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። በየወሩ እንገናኛለን ብላችሁ ብትፈርሙ ሁለተኛው ወር ላይ ትቆማላችሁ።

እና አጋርሽ ከአጥርሽ ማዶ ነው። የጉድኝት ማዕከላችሁ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የተቧደኑበት) ውስጥ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ሁለቱ አዲስ መምህሮችሽ በየወሩ አንድ ቀን እዚያ ሄደው ይመልከቱ። የእነሱም አዲስ መምህራን ወዳንቺ ይምጡ። እንግሊዞቹ «ቢያንስ ሁለት ትምህርት ቤት» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቤት ብቻ ያየ መምህር የዚያን ቤት አመል የሙያው ሕግ ያደርገዋል። ያንቺው መምህር 40 ልጅ ባለበት ክፍል የለመደውን ዘዴ 70 ልጅ ባለበት ክፍል ሲሞክረው ምኑ ዘዴ ምኑ ቅንጦት እንደነበር ይለያል። ከሁለቱ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ጋር ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ለሁለትና ሦስት ሳምንት መምህር ተለዋወጡ። ያ ይበቃል።

ኮሌጁንም አትርሺው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። የሚቀርብሽ ጋ ሂጂና ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) የሚወጡ ተማሪዎችን ወደኔ ላኩልኝ በዪ። ፕራክቲከም ብዙ ቦታ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ልጁ የቀረ መምህር መሸፈኛ ይሆናል፣ ከኮሌጁ አንድ ሰው መጥቶ ማርክ ሰጥቶት ይሄዳል። አንቺ ጋ የመጣው ግን ነጥብ የምታደርግ አማካሪ ያግኝ። ጥቅሙ ላንቺም ነው። ሰኔ ላይ የምትቀጥሪውን ሰው በቃለ መጠይቅ ሳይሆን ክፍል ውስጥ አይተሽው ትቀጥሪያለሽ። ማስረጃውን በተመለከተ ለአባ ግልጽ አድርጊላቸው፦ ሦስት ትምህርት ቤት ተሰብስቦ የሚሰጠው ወረቀት የማስተማር ብቃት ማረጋገጫ አይሆንም። ዲፕሎማውን የሚሰጠው ኮሌጁ ነው። እናንተ ሰውየውን ነው የምታበስሉት። ከመጀመራችሁ በፊት ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፤ በኋላ «ማን ፈቀደላችሁ?» ከመባል ይሻላል።

ቦርዱ ያለው ግዴታ አልተዋጠልኝም። ዋናውን ዲፕሎማ መያዝ ሰውን መያዝ ነው። እንዲህ የተያዘ መምህር አይሄድም፣ ግን አያስተምርም። ልቡ መናኸሪያ ነው። ደሞ ወሬው ኮሌጅ ይደርሳል፤ በዓመቱ ጎበዙ ተመራቂ ያንቺን ማስታወቂያ አንብቦ ያልፋል። ደመወዝ መጨመር ካልቻላችሁ ሌላ የሚያቆየው ነገር አለ፦ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ አማካሪ እንደሚሆንና ክፍለ ጊዜ እንደሚቀነስለት ከወዲሁ ይወቅ። የቤት ኪራይ የሚያንገበግበውም ነገር ነው፤ ቁምስናው ትርፍ ክፍል ካለው በትንሽ ኪራይ ይስጠው። ይህም ሆኖ የሚሄድ ይሄዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአምስቱ ሁለቱ ከቀሩልሽ ምሕረት ነው።

አሁን የከበደሽ ጥያቄ። «ለካቶሊክ ትምህርት ቤት» ሲባል ምኑን ላሠልጥን ያልሽው።

እንግሊዝ አገር ይህ ጥያቄ መልስ አለው። እዚያ ከሳምንቱ የትምህርት ጊዜ 10 በመቶው የሃይማኖት ትምህርት ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትሉና የሃይማኖት ትምህርት ኃላፊው ካቶሊክ እንዲሆኑ ጳጳሳቱ ይጠይቃሉ። ሠልጣኙም ካቶሊካዊውን ትምህርት የሚማርበት ኮርስ አለ። ያ እዚያው ይቅር። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ክፍል ውስጥ የምታስተምሪው የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው። እንግዳው ይህን ሳያውቅ ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ አመስግኖት ከሆነ አይገርመኝም።

ጎጃም ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የሱስንዮስን ዘመን ያነበበ ሰው ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ያውቃል። ንጉሡ ካቶሊክ ሆኖ አገሩን ካቶሊክ ላድርግ ሲል የፈሰሰው ደም፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖቱን መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ እስኪለቅ ድረስ ያለው ብዙው ነገር እዚህም አካባቢ ነው የሆነው። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ አባት «ልጄን አታስቀይሩብኝም አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። አንቺን ሳይሆን በር ላይ ያገኘውን አዲስ መምህር ነው የሚጠይቀው። ሥልጠናሽ ይህን ይጨምር። አዲሱ መምህር የልጅ ማተብ እንዳይነካ፣ በቀልድም ቢሆን። ረቡዕና ዓርብ ወተት ያለበት ነገር ሲታደል የሚጾመውን ልጅ ሰው ፊት «ለምን አትበላም?» እንዳይለው፤ በፊት ለይቶ ይወቀው። ለዚያ አባት ደግሞ አጭር፣ እውነተኛ መልስ ይኑረው፦ «አናስቀይርም፤ እኔም የማስተምረው መንግሥት ያወጣውን መጽሐፍ ነው።»

ታዲያ ካቶሊክነቱ የት አለ? እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ ግን በሱፐርቫይዘርነት ስዞር እነዚህን ትምህርት ቤቶች አይቻለሁ። ወላጅ «ሚሽን ላስገባ» ብሎ የሚሯሯጠው ስለ መስቀሉ አይደለም። መምህሩ አይቀርም፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ክፍያ ያልቻለች እናት ልጇ ሰው ፊት አይባረርባትም። አዲሱ መምህር ይህን በቃል ሳይሆን በሥራ ይማር። ክፍያ ያልተከፈለለትን ልጅ ጉዳይ እንዴት እንደምትይዢው አንድ ጊዜ አጠገብሽ አስቀምጪውና ይይ። ዱላ የማይገባበት ቤት ከሆነ፣ ያለ ዱላ 40 ልጅ እንዴት ጸጥ እንደሚል አማካሪዋ ታሳየው። ይህን ለማስተማር ኦርቶዶክስ መሆንሽ ምንም አያግድሽም። ከቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ማወቅ ያለበትን ደግሞ አባ ራሳቸው በአንድ ከሰዓት ያስረዱት፤ የእሳቸው ሥራ ነው፣ አንቺ አትሸከሚው።

ፕሮጀክተሩን አትግዙ። መብራት ሲጠፋ ሸራ ነው የሚቀረው፤ የሥልጠና ክፍል ደግሞ አላችሁ፣ አንደኛ «ሀ» ይባላል። ያ ገንዘብ ሁለት መምህር ለሦስት ሳምንት እህት ትምህርት ቤት ሄደው እንዲቀመጡ ለመጓጓዣ፣ ለአልጋና ለምግብ ይሁን። የተረፈ ካለ ለነጥቡ ወረቀት ግዢበት። ቦርዱ «ለእንግዳው ምን እናሳየዋለን?» ካለ፣ ያንን ነጥብ የተደረገበትን ወረቀት፣ የጥቅምቱንና የግንቦቱን፣ ጎን ለጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት።